ሸራ በልክ ይሰፋል

ባሕር በሌላት አገር በሚታተም የሳይንስ መጽሔት ስለ ጀልባ ሸራ መጻፋችን አንዳንድ አንባቢያንን ፈገግ ሳያሰኝ እንደማይቀር እንገምታለን። ይሁን እንጂ አንድ ቤተሰብ የትንሽ ጀልባውን ያረጀ ሸራ በአዲስ ለመተካት ሲነሣ የሚገጥመው ጥያቄ፣ ተማሪዎቻችን በየዓመቱ ከሚሠሯቸው የሦስት ማዕዘን መልመጃዎች አብዛኛዎቹ የጎደላቸውን ነገር ይዟል፤ የስሌቱ ውጤት በሰው ትከሻ ላይ ያርፋል። መልሱ ከተሳሳተ የሚመጣው የመምህር ቀይ እስክሪብቶ አይደለም። የወራት ደመወዝ የፈሰሰበት ጨርቅ ከንቱ ይሆናል፤ ሲብስም ነፋስ በበረታበት ቀን አባትና እናት ልጆቻቸውን ይዘው በማትታዘዝ ጀልባ ላይ ይቀራሉ።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ አቋም ይዘን እንከራከራለን። የአዲሱን ሸራ ስፋት መወሰን ያለባቸው ከጀልባዋ ከራሷ ላይ የተወሰደ ልክ፣ ጀልባዋ በምትውልበት ውኃ ላይ የሚነፍሰው ነፋስና በላይዋ ያሉት ሰዎች ጉልበት ናቸው። በአሮጌው ሸራ ላይ የተጻፈው ቁጥርም ሆነ "ሸራ በሰፋ ቁጥር ጀልባ ይፈጥናል" የሚለው ልማድ በዚህ ጉዳይ ድምፅ ሊኖራቸው አይገባም።

የምንናገረው ከ7 እስከ 9 ሜትር ርዝመት ስላላት፣ ጥቂት ሰዎች ተኝተው ስለሚያድሩባት፣ ለውድድር ሳይሆን ለጉዞ ስለተሠራች ጀልባ ነው። እንዲህ ያሉ ጀልባዎች በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ወደቦች በብዛት ይገኛሉ። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ከፋይበር ግላስ የተሠሩት ብዙዎቹ አካላቸው ዛሬም ጤነኛ ነው፤ ሸራቸው ግን ተደጋግሞ አልቆ ተደጋግሞ ተተክቷል። ጥያቄውን የዘወትር የሚያደርገውም ይኸው ነው።

የአንባቢን ድካም ለመቀነስ የአካላቱን ስም አስቀድመን እናስቀምጥ። በጀልባዋ መካከል ምሰሶ ይቆማል። ከምሰሶው ጫፍ ወይም ከጫፉ ጥቂት ዝቅ ብሎ እስከ ጀልባዋ አፍንጫ ድረስ አንድ ሽቦ ተወጥሯል፤ በዚህ ሽቦ ላይ የሚሰቀለው የፊት ሸራ ነው። ከምሰሶው ጀርባ ደግሞ ዋናው ሸራ ይሰቀላል፤ ግርጌውም ከምሰሶው ወደ ኋላ በተዘረጋ አግዳሚ እንጨት ወይም ብረት ላይ ያርፋል። ሁለቱም ሸራዎች ሦስት ማዕዘን ናቸው። የፊት ጠርዝ፣ የኋላ ጠርዝና የታች ጠርዝ አላቸው። ከሥር ወደ ውኃው የወረደው ከባድ ብረት ጀልባዋ እንዳትገለበጥ ይይዛታል፤ ከኋላ ያለው መሪ አቅጣጫዋን ያስይዛታል። ከዚህ የበለጠ የባሕረኛ ቋንቋ አያስፈልገንም።

በየወደቡ የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው። የጀልባዋ ባለቤት አሮጌውን ሸራ አጣጥፎ ወደ ሸራ ሰፊው ይወስድና "ይህንኑ የመሰለ ስፋልኝ" ይላል። ነገሩ ልብስ ሰፊ ዘንድ አሮጌ ሱሪ ይዞ ከመሄድ አይለይም፤ ሱሪው በጉልበቱ ተወጥሮ በወገቡ ሰፍቶ ከሆነ አዲሱም ተወጥሮና ሰፍቶ ይመጣል። አሮጌ ሸራ መጠኑን አይጠብቅም። ምክንያቱን ለማየት ባሕር ድረስ መሄድ አያሻም፤ ነጠላ ይበቃል። ነጠላን በሁለት እጅ ይዘን በድሩ አቅጣጫ ብንስበው እምብዛም አይለጠጥም፤ በማጉ አቅጣጫም እንዲሁ። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ስንስበው ግን የድርና የማግ አራት ማዕዘኖች እንደ መቀስ ተጣመው ጨርቁ ይረዝማል። የሸራ ጨርቅ ከፖሊስተር ክር እጅግ ጠብቆ የተሸመነ፣ በሙጫም የታሸ ቢሆንም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ፀሐይ ክሩን ታደክመዋለች፤ መርገብገብ ሙጫውን ይሰባብረዋል፤ ከዓመታት በኋላ ጨርቁ በሰያፍ ይላላል።

ጨርቁ ሲላላ የሚበላሸው ርዝመቱ ብቻ ቢሆን ነገሩ በቀለለ ነበር። ከርዝመቱ ይልቅ የሚጎዳው ቅርጹ ነው። ሸራ ዝርግ ጨርቅ አይደለም፤ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ሆድ አለው፤ ጀልባ ወደ ነፋሱ ተጠግታ መጓዝ የምትችለውም በዚህ ሆድ ምክንያት ነው። የደህና ሸራ ሆድ ጥልቀት ከሸራው ወርድ አንድ ዐሥረኛ ወይም ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ በጣም የጎደጎደው ቦታም ከወርዱ መካከል ትንሽ ወደ ፊት ያዘነበለ መሆን አለበት። ሸራው ሲያረጅ ሆዱ ይጎደጉዳል፤ ጉድጓዱም ወደ ኋላ ይሸሻል። በዚህን ጊዜ ነፋሱ በሸራው ላይ የሚያሳድረው ኃይል ወደ ፊት ከመግፋት ይልቅ ወደ ጎን ይጋደማል። ጀልባዋ ከቀድሞው አብልጣ ታዘነብላለች፤ ከቀድሞው ግን ቀርፋ ትሄዳለች። ብዙ ባለቤቶች ይህን ሲያዩ "ነፋሱ በዝቶብኛል" ይላሉ። የበዛው የጨርቁ እርጅና ነው።

ታዲያ ልክ ከየት ይወሰድ? ከምሰሶውና ከሽቦው። ሸራ ሰፊዎች በመላው ዓለም በአራት ልኬቶች ይግባባሉ፤ በአራት የላቲን ፊደላት አይ፣ ጄ፣ ፒ፣ ኢ ብለው ይጠሯቸዋል። አይ ማለት ከጀልባዋ ወለል ጀምሮ የፊቱ ሽቦ ምሰሶውን እስከሚነካበት ያለው ቁመት ነው። ጄ ከምሰሶው ፊት እስከ ሽቦው ግርጌ በወለሉ ላይ የሚለካው ርቀት ነው። ፒ ዋናው ሸራ በምሰሶው ላይ ከአግዳሚው ተነሥቶ ሊወጣ የሚችልበት ከፍታ ሲሆን፣ ኢ ደግሞ በአግዳሚው ላይ የሚዘረጋበት ርዝመት ነው። በእነዚህ አራት ቁጥሮች ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ይሠራሉ፤ ስፋታቸውም ማንም የስምንተኛ ክፍል ተማሪ እንደሚያውቀው የመሠረትና የቁመት ብዜት እኩሌታ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አይ 9 ሜትር፣ ጄ 3 ሜትር፣ ፒ 8 ሜትር፣ ኢ 3 ሜትር ይሁኑ። የፊቱ ሦስት ማዕዘን 13.5 ካሬ ሜትር፣ የዋናው ሸራ 12 ካሬ ሜትር፣ ድምሩ 25.5 ካሬ ሜትር ይሆናል። የምሳሌያችን ጀልባ ይህች ናት፤ እስከ መጨረሻው ከእኛ ጋር ትቆያለች።

ችግሩ የሚጀምረው የፊት ሸራ ላይ ነው። የፊት ሸራ በሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ብቻ ተወስኖ እንዲቀር የሚያስገድደው ነገር የለም፤ ምሰሶውን አልፎ ወደ ኋላ ሊደርብ ይችላል። እንዲህ ያለው ደራቢ ሸራ ጄኖዋ ይባላል፤ መጠኑም በመቶኛ ይነገራል። "150 በመቶ ጄኖዋ" የሚለውን የሚሰማ ሰው ስፋቱ የሦስት ማዕዘኑ አንድ ጊዜ ተኩል ነው ብሎ ይገምታል። ቁጥሩ ግን የስፋት መቶኛ አይደለም። ከሸራው የኋላ ማዕዘን ተነሥቶ የፊት ጠርዙን በ90 ዲግሪ የሚነካው መስመር ከጄ ጋር ሲነጻጸር የሚገኝ መቶኛ ነው። በምሳሌያችን ጄ 3 ሜትር ስለሆነ የ150 በመቶ ሸራ መስመር 4.5 ሜትር ነው። የፊት ሽቦው ርዝመት በፓይታጎረስ ሕግ 9.5 ሜትር ያህል ይሆናል። የ9.5 እና የ4.5 ብዜት እኩሌታ 21.3 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። የ110 በመቶ ሸራ በዚሁ መንገድ ሲሰላ 15.7 ካሬ ሜትር ያህል ይወጣል። ሸራው በሽቦው ላይ የሚጠቀለል ከሆነ ደግሞ የመጠቅለያው ከበሮ ከሥር፣ ማዞሪያው ከላይ ቦታ ስለሚወስዱ የፊት ጠርዙ ከሽቦው ማጠር አለበት። ይህን ዘንግቶ ሙሉውን ርዝመት ያዘዘ ሰው ሊወጠር የማይችል ሸራ ይረከባል።

ለመሆኑ 150 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ጄኖዋ ስሙን ያገኘው ከጣሊያኑ የጄኖቫ ወደብ ነው፤ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው ስቬን ሳሌን በዚያ በተካሄደ ውድድር ተጠቅሞበት ዝናው ወጣ። ልዩ ልዩ ጀልባዎችን በአንድ ውድድር ለማመጣጠን የወጡት ደንቦች ግን የፊት ሸራውን ጨርቅ ሙሉ በሙሉ አይለኩም ነበር። የሚለኩት ሦስት ማዕዘኑን ነው፤ ከዚያ አልፎ ለሚደርበው ጨርቅ እስከ አንድ ወሰን ድረስ ቅጣት አይጥሉም። ከ1970 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ በሰፊው የተሠራበት የባሕር ማዶ ውድድር ደንብ ይህን ወሰን 150 በመቶ ላይ አቆመው። የውድድር ጀልባ ነዳፊዎችም እንደሚጠበቀው ያልተለካውን ጨርቅ እስከ ጥግ ወሰዱት። ነገሩ ከነፋስ ይልቅ ከቀረጥ ጋር ይመሳሰላል፤ ቀረጥ የማይከፈልበት ዕቃ ገበያውን እንደሚሞላ ሁሉ፣ ያልተለካው ጨርቅ ወደቡን ሞላው። የጉዞ ጀልባ ሠሪዎችም የውድድሩን ፋሽን ተከተሉ። ዛሬ ውድድር አይተው የማያውቁ አዛውንት ባልና ሚስት በጀልባቸው ላይ የ150 በመቶ ጄኖዋ ቢኖራቸው፣ የተሸከሙት የፊዚክስን ሕግ ሳይሆን ከአገልግሎት የወጣ የውድድር ደንብን ጥላ ነው።

በእኛ እምነት ይህ ጉዳይ ተማሪን ሊያነቃ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ ትክክለኛ ነው፣ ልኬቱ ትክክለኛ ነው፣ ስሌቱም ትክክለኛ ነው፤ ነገር ግን የተቀመጠው ለሌላ ዓላማ ነው።

ወደ ነፋሱ እንመለስ። ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያሳድረው ግፊት የአየሩ እፍጋት እኩሌታ በፍጥነቱ ካሬ ሲባዛ የሚገኝ ነው። በባሕር ወለል ከፍታ የአየር እፍጋት በአንድ ኪዩቢክ ሜትር 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በሰከንድ 5 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በካሬ ሜትር 15 ኒውተን ያህል ይገፋል፤ ጥሩ የሽርሽር ነፋስ ነው። ፍጥነቱ ወደ 10 ሜትር ሲያድግ ግፊቱ 61 ኒውተን፣ ወደ 15 ሜትር ሲያድግ 138 ኒውተን ይደርሳል። ነፋሱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ ዘጠኝ እጥፍ ነው።

ይህን በምንችለው ቋንቋ እንግለጸው። የምሳሌያችን ጀልባ ዋናውን ሸራና የ150 በመቶውን ጄኖዋ ብትዘረጋ 33 ካሬ ሜትር ጨርቅ ተሸክማለች። በሰከንድ 10 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ይህ ጨርቅ በሻካራ ግምት ሁለት ኩንታል ያህል ይገፋል፤ ነፋሱ ወደ 15 ሜትር ሲወጣ ከአራት ኩንታል ተኩል በላይ ይሆናል። ኩንታሎቹ የሚገፉት ወለሉ ላይ ቆመው አይደለም፤ ከውኃው በላይ በሜትሮች ከፍ ብለው፣ በረጅም ምሰሶ ላይ ተንጠልጥለው ነው። የሚያጋድለው ይህ ርዝመት ነው።

ትልቁ ሸራ ቢያንስ ፍጥነት ይሰጣል ይባል ይሆናል። እስከ አንድ ደረጃ ድረስ እውነት ነው። ነገር ግን ውኃን እየሰነጠቀ የሚሄድ ከባድ አካል የራሱን ማዕበል ይፈጥራል፤ ማዕበሉ በርዝመት ከጀልባዋ ጋር እኩል በሆነ ጊዜ ጀልባዋ ራሷ በቆፈረችው ሸለቆ ውስጥ ትታሠራለች። ይህ ፍጥነት በሰዓት በኪሎ ሜትር ሲገለጽ፣ ጀልባዋ በውኃው ገጽ ላይ ያላት ርዝመት በሜትር ተለክቶ የካሬ ሥሩ በ4.5 ሲባዛ የሚገኘው ነው። በውኃው ገጽ ላይ 6 ሜትር ለሆነች ጀልባ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚጨመር ጨርቅ ጀልባዋን ያጋድላታል እንጂ እምብዛም አያስኬዳትም።

እዚህ ላይ ስለ ጣና ትንሽ ብንል ከርዕሳችን የወጣን አይመስለንም። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ ሐይቅ በመሆኑ፣ በላዩ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ ስድስተኛ ያህል ይሳሳል። በዚያ ላይ የምትንሳፈፍ የሸራ ጀልባ በተመሳሳይ የነፋስ ፍጥነት ተመሳሳይ ኃይል ለማግኘት አንድ አምስተኛ ያህል የሰፋ ሸራ ትሻለች። በአውሮፓ ሠንጠረዥ የተሰፋ ሸራ ሳይሰላ ለጣና ቢመጣ ልኩ አይሆንም ማለት ነው። የሐይቁ ታንኳ በደንገል ተሠርታ በዘንግና በመቅዘፊያ የምትሄድ መሆኗ ይታወቃል። ቢሆንም የጣና ደንገል በውቅያኖስ ላይ በሸራ ተጉዟል፤ ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን ለማቋረጥ የተነሣባትን "ራ" የተባለች ጀልባ ያሠራው ከዚህ ሐይቅ በተወሰደ ደንገል ነበር።

ወደ ዋናው ክርክራችን ስንመለስ፣ ትንሽ የፊት ሸራ ያላት ጀልባ ምን ያህል ልታገለግል እንደምትችል የሚያሳይ ጥሩ ምስክር በስካንዲኔቪያ እናገኛለን። በ1940ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ብዙ ሰው ሊገዛት የሚችል ጀልባ ለማግኘት በተደረገ የንድፍ ውድድር አንድም ሥራ ሙሉ በሙሉ አሸናፊ ሳይሆን ቀረ፤ የተሻሉት ንድፎች ጠቃሚ ጎን ተለቅሞ በቶርድ ሱንደን እጅ አንድ ሆነና ፎክቦት የተባለችው ጀልባ በ1942 ውኃ ላይ ወረደች። ስሟ የሕዝብ ጀልባ ማለት ነው። ርዝመቷ 7.68 ሜትር፣ ክብደቷ 1,930 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን፣ ከክብደቷ እኩሌታ የማያንሰው ከሥር ያለው ብረት ነው። ሸራዋ በድምሩ 24 ካሬ ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ 17ቱ የዋናው ሸራ ሲሆን፣ የፊት ሸራዋ 7 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ እህቶቿ ተሠርተዋል፤ በባልቲክ ነፋስ ውስጥ ዛሬም ይመላለሳሉ።

የፎክቦትን ሸራ ብዙ ወይም ጥቂት ለማለት መለኪያ ያስፈልጋል፤ ካሬ ሜትርን በኪሎ ግራም ማካፈል ብቻ አያዋጣም። ትክክለኛው መንገድ ጀልባዋ የምታፈናቅለውን የውኃ መጠን ወስዶ፣ ኩባዊ ሥሩን አውጥቶ፣ ያን በራሱ አባዝቶ፣ የሸራውን ስፋት በውጤቱ ማካፈል ነው። እንዲህ ሲደረግ ሁለቱም ወገን የስፋት መለኪያ ስለሚሆን፣ የሚቀረው ቁጥር ሜትርም ሆነ ጫማ የማይነካው ንጹሕ ቁጥር ይሆናል። ፎክቦት 1.88 ኪዩቢክ ሜትር ያህል የባሕር ውኃ ታፈናቅላለች፤ መልሱም 15.7 አካባቢ ይመጣል። ለጉዞ ጀልባ ከ15 እስከ 18 ያለው የተለመደ ነው፤ ከ20 በላይ የሚገኙት የውድድር ጀልባዎች ናቸው። አዲስ ሸራ የሚያዝ ሰው ይህን ስሌት አስቀድሞ ቢሠራ ጀልባው የቱ ጋ እንደምትቆም ያውቃል። ለራሱ ጀልባ ግን ክብደቷን ከነስንቋና ከነውኃዋ መውሰዱን አይርሳ፤ በሻጭ ወረቀት ላይ የሚጻፈው ክብደት ባዶዋን ነው።

ከዚችው የፎክቦት ቤተሰብ አንዷ በሸራ ታሪክ ስሟ ተነሥቷል። እንግሊዛዊው ኸርበርት ሄዝለር "ጄስተር" ብሎ የሰየማትን ጀልባውን ያሠራው በፎክቦት አካል ላይ ነው፤ ኋላም የተለመዱትን ሁለት ሸራዎች ትቶ፣ በአግድም ዘንጎች የተከፋፈለ አንድ የቻይና ዓይነት ሸራ አቆመባት። ዓላማው ፍጥነት አልነበረም፤ አንድ ሰው ከመከለያው ሳይወጣ ሸራውን ማውረድና ማጠፍ እንዲችል ነበር። በሰኔ 1960 እ.ኤ.አ. አምስት ብቸኛ መርከበኞች ከፕሊመዝ ወደ ኒው ዮርክ ሲነሡ አሸናፊው ፍራንሲስ ቺቸስተር በ12 ሜትር ጀልባ 40 ቀን ፈጀበት። ሄዝለር በ7.68 ሜትሯ ጄስተር 48 ቀን ወስዶበት ሁለተኛ ወጣ። ሸራን በሰው ጉልበት ልክ መቁረጥ ማለት ይህ ነው። ሁሉም ሰው የቻይና ሸራ ይስቀል ማለታችን አይደለም፤ የሄዝለር ጥያቄ ግን ለማንም ባለ ጀልባ ይሠራል፦ ይህን ጨርቅ ሌሊት፣ በዝናብ፣ ብቻዬን ማውረድ እችላለሁን?

የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ ሳንጠቅስ ብናልፍ ፍርደ ገምድል እንሆናለን። ነፋሱ ደካማ በሆነበት ውኃ፣ ለምሳሌ በበጋ የሜዲትራኒያን ባሕር ብዙ ቀናት፣ ትልቅ ጄኖዋ ዋጋ አለው። የምሳሌያችን ጀልባ በ110 በመቶ ሸራ ፈንታ የ150ውን ብትሰቅል የጨርቋ ድምር በ20 በመቶ ያድጋል። በዝግታ ስትሄድ የውኃው ተቃውሞ በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ፣ ፍጥነቷ በሻካራ ግምት በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር የምትሄደው 6.6 ትሄዳለች ማለት ነው። ሞተር ማስነሣት ለሚጠላ ሰው ይህ ትንሽ አይደለም። ነገር ግን ለዚህ ጥቅም የሚከፈለውን እናስላ። አቅጣጫ በተቀየረ ቁጥር ያ ሁሉ ጨርቅ ምሰሶውን ታክኮ ወደ ሌላው ጎን መጎተት አለበት፤ ገመዱን የሚስበው ሰው ላይ የሚያርፈው ኃይል ከትንሹ ሸራ በሲሶ ይበልጣል። ነፋሱ ሲበረታ ጠቅልለን እናሳንሰዋለን የሚሉም አሉ። የተጠቀለለ ሸራ ግን እስከ ሩብ ወይም ቢበዛ እስከ ሲሶው ድረስ ነው ቅርጹን የሚጠብቀው፤ ከዚያ በኋላ ሽቦው ላይ የተጠመጠመ ወፍራም ቡልኮ ይሆናል፤ ሆዱም ልክ ዝርግ መሆን በሚገባው ሰዓት ይነፋል። ስለዚህ መካከለኛ ነፋስ ባለበት ውኃ ለሚውል ቤተሰብ ከ110 እስከ 120 በመቶ ያለው ሸራ ይበቃዋል እንላለን። ለደካማ ነፋስ ቀን ደግሞ ቀጭን ተጨማሪ ሸራ በከረጢት ቢይዝ ይሻለዋል።

በዋናው ሸራ ላይ ክርክሩ ስለ ስፋት ሳይሆን ስለ ማጠፊያ ነው። ዋናው ሸራ ከምሰሶውና ከአግዳሚው እምብዛም ስለማያልፍ ስፋቱ አስቀድሞ ተወስኗል። መወሰን ያለበት ስንት ጊዜ እንደሚታጠፍና በየትኛው ቁመት እንደሚታጠፍ ነው። ሸራው ከግርጌው ሲታጠፍ ከላይ የሚቀረው ከመጀመሪያው ጋር ምስስል የሆነ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ስለዚህ ስፋቱ የሚቀንሰው በቁመቱ ካሬ ነው። ከ8 ሜትር ቁመት 15 በመቶው ቢታጠፍ 6.8 ሜትር ይቀራል፤ ስፋቱ ግን ከ12 ወደ 8.7 ካሬ ሜትር ይወርዳል፤ ከሩብ በላይ ሄዷል ማለት ነው። ሁለተኛው እጥፍ 30 በመቶ ላይ ቢሆን ስፋቱ ከእኩሌታ በታች ይሆናል። የተገፊው ጨርቅ እምብርት ደግሞ አብሮ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ጀልባዋን የሚያጋድለው ጉልበት ከስፋቱም ይበልጥ ፈጥኖ ይቀንሳል። ሸራ ሰፊዎች በዋጋ ሲደራደሩ አንዱን የማጠፊያ ረድፍ ለመቀነስ ሐሳብ ሲያቀርቡ ይሰማል። በጭራሽ መቀበል አይገባም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በማዕበል መካከል ማጠፊያ የሌለውን ሸራ ለማሳነስ የሚሞከረው ሁሉ እንደዚያው ነው።

ወርልድ ሴሊንግ የተባለው ዓለም አቀፍ የጀልባ ስፖርት አካል ለባሕር ማዶ ውድድሮች ያወጣው የደኅንነት ደንብ በዚህ ረገድ ለጉዞ ጀልባም የሚጠቅም መለኪያ ይሰጣል። የማዕበል የፊት ሸራ ስፋት ከአይ ካሬ 5 በመቶ፣ የብርቱ ነፋስ የፊት ሸራ ደግሞ ከአይ ካሬ 13.5 በመቶ መብለጥ የለበትም። አይ 9 ሜትር ለሆነባት ጀልባችን የመጀመሪያው 4 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ሁለተኛው 11 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። እነዚህን ከ21.3 ካሬ ሜትሩ ጄኖዋ ጋር ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም። አራት ካሬ ሜትር ማለት በአንድ ተራ አልጋ ላይ ከሚነጠፍ አንሶላ እምብዛም አይበልጥም፤ በዐውሎ ነፋስ ግን ጀልባን የሚያስኬድ ይኸው ነው። እኛ ገንዘቡ ውስን የሆነን ቤተሰብ የምንመክረው፣ ትልቁን ጄኖዋ ትቶ በልዩነቱ ይህችን አንሶላ እንዲያሰፋ ነው። ደጋግሞ ላይጠቀምባት ይችላል። የእሳት ማጥፊያም ተደጋግሞ አይነፋም።

ከስፋት ሌላ ሚዛን አለ። ነፋሱ በሸራዎቹ ላይ የሚያርፍበት እምብርትና ውኃው በጀልባዋ ጎን ላይ የሚቃወምበት እምብርት በቁመት መስመር ካልተቀራረቡ ጀልባዋ ወደ አንድ ወገን ትዞራለች፤ መሪውን የያዘውም ሰው ቀኑን ሙሉ ሲታገል ይውላል። ትንሽ ወደ ነፋሱ የመዞር ዝንባሌ ጥሩ ነው፤ መሪው ቢለቀቅ ጀልባዋ ወደ ነፋሱ ዞራ ትቆማለችና። ዝንባሌው ሲበዛ ግን መሪው ፍሬን ይሆናል። ያረጀና ሆዱ ወደ ኋላ የሸሸ ዋና ሸራ ይህን ሕመም ያባብሳል። ስለዚህ ባለቤቱ ሁለቱንም ሸራ በአንድ ጊዜ ለመግዛት ካልቻለ፣ መሪው ከብዶት ከሆነ ከዋናው ሸራ እንዲጀምር እንመክራለን። ሸራ ሰፊው ዘንድ ግን ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ዓይን ከሚስበው የፊት ሸራ ነው።

ስለ ጨርቁ ብዙ አንልም። ለእንዲህ ያለች ጀልባ በካሬ ሜትር ከ250 እስከ 300 ግራም የሚመዝን የተሸመነ ፖሊስተር ይስማማታል። በካርቦን ክር የተለበጡት የሚያብረቀርቁ ጨርቆች ቅርጻቸውን አጥብቀው ቢይዙም መታጠፍን አይወዱም፤ የጉዞ ሸራ ደግሞ ዕድሜውን የሚያሳልፈው ሲታጠፍና ሲዘረጋ ነው። ከጨርቁ ቀድሞ የሚሞተው ስፌቱ መሆኑንም ማወቅ ይገባል፤ ክሩ ከጨርቁ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ፀሐይና መፋተግ አስቀድመው ያገኙታል። ሦስት ረድፍ ስፌት ያለው ሸራ ሁለት ረድፍ ካለው ጥቂት ቢወደድ ያዋጣል።

ልኬቱን የሚወስደው ሰው ነፋስ የሌለበትን ጠዋት ይምረጥ። የብረት ሜትር በመስቀያው ገመድ ጫፍ ላይ አስሮ እስከ ላይ ይስቀለው፤ የጨርቅ ሜትር ራሱ ስለሚለጠጥ እዚህ ቦታ የለውም። አራቱን ቁጥሮች አንድ ሰው ለክቶ ሌላ ሰው የመጀመሪያውን ሳያይ ይድገማቸው፤ ልዩነቱ ከአንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከበለጠ ሁለቱም እንደገና ይለኩ። የምሰሶው መደገፊያ ክንዶች የቱ ጋ እንደሚወጡ፣ የሸራው ማንሸራተቻ ምን ያህል ስፋት እንዳለው፣ የመጠቅለያው ከበሮ ከወለሉ ስንት ሳንቲ ሜትር ከፍ እንደሚል አብሮ ይጻፍ። አዲሱ ሸራ ሲመጣም መጀመሪያ የሚሰቀለው እዚያው ወደብ ውስጥ፣ እንዲሁ ነፋስ በሌለበት ሰዓት ነው። የላይ ማዕዘኑ ምሰሶው ጫፍ ሳይጣበቅ መወጠሩ፣ የማጠፊያ ቀለበቶቹ በታዘዙበት ቁመት መገኘታቸው የሚታየው ያን ጊዜ ነው፤ ሸራ ሰፊውም ስሕተቱን ያለ ክርክር ለማረም የሚስማማው ጨርቁ ገና ጨው ሳይነካው ነው።